አምፕሊፋየሩን ማን ሠራው?

አቶ ገብረ መድኅን በገዛ ጋራዣቸው ወለል ላይ በደረታቸው ተደፍተው ሲገኙ ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። አምቡላንስ የጠራው የሃያ ዓመት ልጅ ፖሊስ ሲደርስ አጠገባቸው ተንበርክኮ ያለቅሳል። ሁለት እጁን ደም ነክቶታል። ከጉልበቱ ሥር ክንድ የሚያህል የብረት መፍቻ ተጋድሟል፤ መፍቻው ላይ ደግሞ የልጁ የጣት አሻራ በዓይን ይታያል። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ኢንስፔክተር ኮሊንስ ምንም አልፈለገም።

መርማሪ ሳጅን ዳናዊት ሰሜን ለንደን፣ ቶተንሃም ሠፈር፣ የባቡር ድልድይ ሥር ወዳለችው ጋራዥ ስትደርስ አምቡላንሱ ሄዷል፤ ልጁም በካቴና ታስሮ የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል።

"የጠራሁሽ አማርኛ ስለምትችዪ ነው" አላት ኮሊንስ። "ጎረቤቶቹ ያንቺ ሰዎች ናቸው። ቃላቸውን ተቀበዪ፤ ልጁን ነገ እንከሰዋለን።"

"እሱ ከሆነ ነዋ።"

"ደሙ እጁ ላይ ነው።"

"የወደቀ ሰው ያነሳ ሁሉ እጁን ደም ይነካዋል።"

ኮሊንስ ሰዓቱን አየ። ዳናዊትም የራሷን አየች። ሁለቱም ቸኩለዋል፤ ልዩነቱ እሱ ወደ ቤቱ፣ እሷ ወደ ነገሩ መቸኮሏ ነው።

ጋራዧ ጠባብ ናት። የመኪና ሬዲዮ፣ ድምፅ ማጉያና የኤሌክትሪክ ሥራ ብቻ ነው የሚሠራባት። መሀል ላይ አንዲት ባለ ሦስት በር ጥቁር መኪና ቆማለች፤ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ፣ ማለትም ቡቷ፣ ተዘግቷል። ቁልፏ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ዳናዊት ቡቱን ከፈተች። አንድ ትልቅ የሰብዉፈር ማለትም የወፍራም ድምፅ ማጉያ ሣጥን፣ ጎኑ የተገጠመ አምፕሊፋየር፣ ሥሩ በሥርዓት የተነጠፈ ምንጣፍ። አምፕሊፋየሩ ላይ በነጭ የወረቀት ፕላስተር ቁራጭ "12.5" ተብሎ በሰማያዊ እስክርቢቶ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ቁራጭ እዚህም እዚያም ተለጥፏል። ለጊዜው ምንም አልነገራትም።

ወደ ፖሊሱ መኪና ሄዳ በሩን ከፈተች።

"ስምህ ማነው?"

"ልዑልቃል።" ልጁ በአማርኛ ስትጠይቀው ቀና አለ። "በማርያም፣ ጋሽ ገብሬን እኔ አልነካኋቸውም! አሥር ሰዓት ና፣ መኪናህን ትወስዳለህ ስላሉኝ ነው የመጣሁት። ወድቀው አገኘኋቸው።"

"መፍቻውስ?"

"ትከሻቸው ሥር ነበር። ቀና ላደርጋቸው ስል አወጣሁት። ስቱፒድ ነኝ፣ አውቃለሁ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም" አለችና በሩን ዘጋችው።

ልጁ ጣቢያ የገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሕጉ ሃያ አራት ሰዓት ይሰጣል። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወይ ይከሰሳል፣ ወይ ይፈታል። ኮሊንስ ደግሞ የክሱን ወረቀት ከወዲሁ ጀምሮታል፤ በግድያ ሙከራ። በዚህ የተከሰሰ ልጅ እስከ ፍርዱ ቀን ወራት እስር ቤት ይቀመጣል።

ከጋራዧ ቀጥሎ የጸዳለ የፀጉር ቤት አለ። ጸዳለ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ እጇም አፏም አያርፍም።

"ከመጀመሪያው ልንገርሽ" አለች።

"ከመጨረሻው ጀምሪልኝ።"

"ከመጨረሻው ከሆነማ እኔ ምን አየሁ? ጠዋት ነው እንጂ ጉዱ! ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ መጣና ጮኸባቸው። 'ሦስተኛ ጊዜ ነው! ዛሬ ካልሠሩልኝ ይህን ጋራዥ አቃጥለዋለሁ!' እያለ።"

"ካልሠሩልኝ ነው ያለው?"

"አዎ፣ አንቱ እያለ ነው የዛተባቸው። አስተዳደጉ ጥሩ ነው።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ ሄደ። ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ግን ተመልሶ መጥቷል።"

ዳናዊት መጻፏን አቆመች። ሐኪሙ በስልክ እንደነገራት አቶ ገብረ መድኅን የተመቱት ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

"አየሽው?"

"ማየትማ አላየሁም። ሰማሁት እንጂ። ያ የመኪናው ዱም ዱም! መስታወቴ እስኪንቀጠቀጥ። የደንበኛዬን ቅንድብ ልላጨው ምንም አልቀረኝም። ሰዓቱንም ያየሁት ከንዴቴ ነው።"

"ምን ያህል ቆየ?"

"የዘፈን ግማሽ ያህል። ከዚያ ጭጭ አለ።"

ኮሊንስ ይህን ሲሰማ እጁን አፋተገ። ልጁ ዛተ፤ በተመቱበት ሰዓት የመኪናው ሙዚቃ ተሰማ፤ መፍቻው ላይ አሻራው ተገኘ። ሦስት ነገር። ዳናዊት ከሦስቱ በአንዱም አልተከራከረችም። ግን ጋሽ ገብሬን ገድሎ ለማምለጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሙዚቃ የሚከፍተው ለምንድን ነው? ይህ አልተዋጠላትም።

ጣቢያው መግቢያ ላይ የልጁ እናት ወይዘሮ ብፅዓት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ መሪ በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

"ልጄን ሳልይዝ አልነሳም" አሉ።

"እስከ ነገ ሊቆይ ይችላል፣ እትዬ።"

"እስከ ነገ እቀመጣለኋ!"

አጠገባቸው ጥሩ ኮት የለበሰ፣ አርባዎቹን የጀመረ ሰው ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ደረጄ ይባላል። ሃርልስደን ውስጥ ያገለገሉ መኪናዎች ይሸጣል፤ በሰሜን ለንደን ያለው ሐበሻ ብዙው መኪና የገዛው ከሱ ነው።

"ልጁን እንደ ወንድሜ ልጅ ነው የማየው፣ የኔ እህት። ያቺን መኪናም የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ጠበቃ እኔ እይዝለታለሁ። መኪናዋንም እትዬ ብፅዓት እያዩ ከሚያለቅሱ፣ ወስጄ እኔ ጋ ላስቀምጣት?"

"ማስረጃ ናት።"

"ስትጨርሱ ማለቴ ነው። አይዟችሁ፣ ጊዜ አለ።"

"ጊዜስ የለም" አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ልዑልቃል የደም ነጠብጣብ ያለበት ሸሚዙ ተወስዶበት የጣቢያ ሹራብ ለብሷል።

"ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ የት ነበርክ?"

"ካምደን። ኮሌጅ። ክፍል ውስጥ ነበርኩ።"

ዳናዊት ወጥታ ደወለች። ስድስት ደቂቃ ወሰደባት። ተመልሳ ስትገባ አልተቀመጠችም።

"ኮሌጁ ካየህ ሁለት ወር ሆኖታል።"

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። "ለእማዬ እንዳትነግሪያት።"

"በግድያ ሙከራ ልትከሰስ ሃያ ሁለት ሰዓት ቀርቶሃል፤ አንተ የምትፈራው እናትህን ነው?"

"አንቺ ስለማታውቂያት ነው።"

"የት ነበርክ?"

"ካምደን፣ ቦዩ ዳር። ሁልጊዜ እዚያ ነው የምቀመጠው።"

"ከማን ጋር?"

"ከዳክዬዎች ጋር።"

"ዳክዬ ቃሉን አይሰጥም፣ ልዑልቃል። ጠዋት ጋሽ ገብሬ ላይ ለምን ጮህክ?"

ልጁ ስለ መኪናው ሲጠየቅ ድምፁ ተመለሰለት። "አምፕሊፋየሩ ነዋ! ሙዚቃ ስከፍት ሰብዉፈሩ ሁለት ሰከንድ ይመታና ቀይ መብራት አብርቶ ይጠፋል። ጋሽ ገብሬ ሦስት ጊዜ ፈተውታል። ጠረጴዛ ላይ ሲያደርጉት እንደ አንበሳ ያገሳል፤ መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት ይሞታል። አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ባትሪ፣ ምንም! 'ዕቃው ጤነኛ ነው፣ መኪናህ ነው የታመመው' ብለው ሳቁብኝ። እኔም ተናደድኩ።"

"ሁለት ሰከንድ ነው ያልከው?"

"ማክስ! ቢበዛ ሁለት። ከገዛኋት ጀምሮ አንድ ዘፈን አልጨረስኩባትም።"

ዳናዊት ቀስ ብላ ተቀመጠች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለችም። ጸዳለ የሰማችው የዘፈን ግማሽ ነው።

ለኮሊንስ ስትነግረው ግን "ስለ ሙዚቃ ነው የምታወሪኝ?" አላት። "ሽማግሌው ጠግኖት ይሆናላ። ልጁ መጣ፣ ሞከረው፣ ተጣሉ።"

"ከተጠገነለት ለምን ይጣላል?"

"ነገ አሥራ አንድ ሰዓት" አለ ኮሊንስ ኮቱን እያነሣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዳናዊት ድልድዩ ሥር ነበረች። ከጋራዧ በሌላኛው ጎን ዐብዱ የተባለ መካኒክ አለ። ከደሴ የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከአቶ ገብረ መድኅን ጋር በመኪና ማቆሚያ ቦታ ሰበብ ዘወትር የሚነታረክ ሰው ነው። የቱታው እጅጌ ላይ ቡናማ የደም ምልክት ነበረበት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችው።

"ደም ነው።"

"የማን?"

"የኔ ነዋ! የማን ይሆናል?" የተፈነከተ አውራ ጣቱን አፍንጫዋ ሥር አቀረበላት። "ገብሬን እኔ መታሁት ልትዪ ነው? አንቺ ልጅ፣ ከሰው ጋር ስድስት ዓመት የተጣላሁት ልገድለው ይመስልሻል? መግደል ብፈልግ ስድስት ዓመት እጣላው ነበር?"

"ከሰባት እስከ ስምንት የት ነበሩ?"

"ጁምዓ። መስጊድ።"

አላመነችውም፤ መስጊዱ ድረስ ሄዳ የበሩን ካሜራ አየች። ዐብዱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቷል። ሰባት ተኩል ላይ ሶላት አልቆ ሰዉ ሁሉ ሲበተን ዐብዱ በካልሲው በሩ ላይ ቀረ። አንዱ ጫማውን በስሕተት አድርጎበት ሄዶ ነበር። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ወለሉን እያሰሰ፣ የሰው ጫማ እያነሣና እየጣለ፣ ካሜራው ፊት ሲሳደብ ቆይቷል። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

ስትመለስ ሻይ አፍልቶ ጠበቃት።

"ጫማውን አገኙት?"

"ተዪኝ እስቲ! ገብሬ ይተርፋል?"

"አልነቃም፤ ግን ይተነፍሳል። አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ እነዚህ የፕላስተር ቁራጮች ምንድን ናቸው?"

ዐብዱ ወደ ጋራዧ ገብቶ ጥቁሯን መኪና በዓይኑ ዞራት። "የገብሬ ሥራ ነው። ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ እዚህ እስኪመጣ ድረስ ፒያሳ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። የለካውን ሁሉ በለካበት ቦታ ላይ ይለጥፋል። ከባትሪው ይጀምራል፣ ሽቦውን ተከትሎ አንድ በአንድ ይሄዳል። ብልሽቱን ያገኘበት ቦታ ላይ የመጨረሻውን ይለጥፋል። ሠርቶ ሲጨርስ ሁሉንም ያነሣቸዋል።"

"እነዚህ አልተነሡም።"

"ስለዚህ አልጨረሰም።" ዐብዱ ትንሽ አሰበ። "ፊውዙስ?"

"የቱ ፊውዝ?"

"አምፕሊፋየር ሲነካ መጀመሪያ ፊውዙን ነቅሎ ሸሚዝ ኪሱ ይከታል። ድሮ እጁ ውስጥ እያለ አንድ ደንበኛ ቁልፍ አዙሮበት ነበር አሉ። ፊውዙ ኪሱ ካለ ማንም አያበራበትም። ስንቴ አስቄበታለሁ መሰለሽ፤ ቤቱ ሁሉ ይዞት ይሄዳል።"

ዳናዊት ስልኳን አወጣች። ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ የአቶ ገብረ መድኅንን ዕቃ ዝርዝር አነበበችላት፦ መነጽር፣ ማበጠሪያ፣ የቤት ቁልፍ፣ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ የነበረ አንድ ትንሽ የመስታወት ቱቦ፣ ጫፍና ጫፉ ብረት።

"ኮፈኑን ይክፈቱልኝ" አለች ዳናዊት ስልኩን ሳትዘጋ።

ባትሪው አጠገብ ባለው የፊውዝ ቤት ውስጥ አንድ የመስታወት ፊውዝ ተቀምጦ ያበራል። አዲስ፣ ንጹሕ።

"አላህ!" አለ ዐብዱ። "ለአንድ ቤት ሁለት ፊውዝ?"

"እንዳይነኩት!" ጓንቷን አጠለቀች፤ ፊውዙን ጫፍና ጫፉን ይዛ አወጣችና ከረጢት ውስጥ ከተተችው። መስታወቱ ላይ ጉም የመሰለ ሞላላ ምልክት ነበር።

"የራስዎን ፊውዝ ያስገቡበት። እንሞክረው።"

ዐብዱ ፊውዙን ገጠመ። ዳናዊት ቁልፉን ከምስማሩ አንሥታ አዞረችው። ልጁ ሬዲዮኑን ሳያጠፋ፣ ድምፁንም ሳይቀንስ ነበር የሄደው። መጀመሪያ ወለሉ፣ ቀጥሎ ደረቷ ነዘራት። ሁለት ሰከንድ። አምስት። ሃያ። ከድልድዩ ጡብ አቧራ ረገፈ። ከጎን ጸዳለ "ደግሞ ጀመራችሁ!" ብላ ስትጮህ ተሰማ። ሰብዉፈሩ ግን አልቆመም፤ ቀይ መብራትም አልበራም።

ዐብዱ እያጨበጨበ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ዳናዊት ቁልፉን መለሰችው።

"ጋሽ ገብሬ አልጨረሱም" አለች። "ፊውዙ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ታዲያ አምፕሊፋየሩን ማን ሠራው?"

ቁራጮቹን መከተል ጀመሩ። ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት። የፊውዝ ቤቱ ላይ 12.6። ቡቱ ውስጥ በሚገባው ወፍራም ቀይ ሽቦ ላይ 12.5። አምፕሊፋየሩ ላይ 12.5። ከዚያ የሚቀረው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ ከአምፕሊፋየሩ ወጥቶ ምንጣፉ ሥር የሚገባው፣ ከመኪናው ብረት ጋር በቡሎን የሚታሰረው ጥቁሩ ኔጋቲቭ ሽቦ።

"ምንጣፉን ያንሡት።"

ዐብዱ የሰብዉፈሩን ሣጥን ገፍቶ ምንጣፉን ገለጠው። ቡሎኑ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ዙሪያው ያለው ብረት ተፍቆ እንደ ብር ያበራል። አጠገቡ ጣት የሚያህል አራት ማዕዘን የፕላስተር ማጣበቂያ ቀርቷል፤ ቁራጩ ግን የለም። ዐብዱ በጉልበቱ ተንበርክኮ በካቻቢቴ ቀለሙን ጫር አደረገው። ነጭ ዱቄት ወጣ።

"ስቱኮ ነው" አለ። "ጉዳት ሲሸፍኑ የሚለቀልቁት።" ጫረው፣ ጫረው። ከዱቄቱ ሥር ጎርበጥባጣ የብየዳ መሥመር ብቅ አለ። መሥመሩ ከመኪናው ግራ ጎን እስከ ቀኝ ጎን ያለ አንዳች መቋረጥ ይሄዳል።

ዐብዱ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። "ይቺ አንድ መኪና አይደለችም፣ ልጄ። ሁለት ናት። የፊቷ የአንዷ፣ የኋላዋ የሌላዋ። ሁለት የተጋጩ መኪናዎችን ቆርጠው በይደዋቸው ነው።"

"ልጁ ሞተርዌይ ላይ በሰባ ማይል ቢነዳት?"

"አንዴ ገጨት ካደረጋት ለሁለት ትከፈላለች። እሱን ይዛ።"

አሁን ነገሩ ራሱ መናገር ጀመረ። የኔጋቲቩ ቡሎን ስቱኮው ላይ ተቀምጦ ስለነበር ብረቱን በደንብ አልነካም። ሰብዉፈሩ ሲመታ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይሉ መመለሻ መንገድ ሲያጣ አምፕሊፋየሩ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። አቶ ገብረ መድኅን ዓርብ ዕለት ሽቦውን ተከትለው እዚህ ደረሱ፤ ቡሎኑን ፈቱ፣ ስቱኮውን ፍቀው ብረቱን አወጡ፣ ብየዳውን አዩ። ከዚያ ሰው መጣ።

"መቷቸው ሲያበቃ ብየዳውን መሸፈን ነበረበት" አለች ዳናዊት። "ቁራጩን አነሣ፣ ቡሎኑን መልሶ አሰረ፣ ምንጣፉን አነጠፈ። ግን ሰብዉፈሩ ካልሠራ ልጁ መኪናዋን ሌላ ባለሙያ ጋ ይወስዳታል፤ ያም ምንጣፉን ይገልጣል። ስለዚህ ሊሞክረው ሲል ፊውዝ አጣ፤ ከመደርደሪያው አዲስ አንሥቶ ከተተ። ቁልፍ አዞረ።"

"ሠራ!" አለ ዐብዱ። "የተፋቀው ብረት ላይ አጥብቆ ስላሰረው ሠራ! ገብሬ ሦስት ጊዜ ፈቶ የለፋበትን ሌባው ሊደብቅ ብሎ ጠገነው!"

ዳናዊት ሳቀች። ሥራ ላይ አትስቅም፤ ይሄ ግን ከአቅሟ በላይ ሆነባት።

ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ የመሥመር ስልክ ተሰቅሏል። ጓንቷን እንዳጠለቀች አነሣችውና መጨረሻ የተደወለውን ቁጥር መልሶ የሚደውለውን ቁልፍ ተጫነች። ሁለት ጊዜ ጠራ። ተነሣ። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

"ማነው?" አለ በመጨረሻ አንድ የፈራ ድምፅ። "ከዚህ ስልክ ማነው የሚደውለው?"

ድምፁን ትናንት ጣቢያው መግቢያ ላይ ሰምታዋለች።

"ሳጅን ዳናዊት ነኝ፣ አቶ ደረጄ። መኪናዋን እፈልጋለሁ ብለው አልነበር? ጣቢያ ይምጡና ፈርመው ይውሰዷት።"

ትንፋሹ ሲለቀቅ ተሰማት። "አሁኑኑ መጣሁ፣ የኔ እህት!"

ስምንት ሰዓት ላይ ደረጄ በፈቃዱ ጣቢያ መጥቶ፣ መብቱ ተነግሮት፣ ጠበቃ አልፈልግም ብሎ ተቀመጠ። ኮሊንስ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሟል። ዳናዊት ከፊቱ ወረቀት አስቀመጠች።

"ጥቂት ነገር ብቻ ነው። መኪናዋን ከሸጧት ወዲህ ነክተዋታል?"

"በፍጹም። ከመጋቢት ወዲህ እጄ አልነካትም።"

"ቡቷን ከፍተው፣ ኮፈኗን ከፍተው አያውቁም?"

"ለምን ብዬ?"

"የአቶ ገብረ መድኅን ጋራዥ ሄደው ያውቃሉ?"

"በሩን እንኳ አላውቀውም።"

ሦስቱንም ጻፈችና አስፈረመችው። ደስ ብሎት ፈረመ።

"ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?"

"ሃርልስደን፣ ኂሩት ቤት ምሳ እየበላሁ። ከፈለግሽ ጠይቂያት።"

"ምን በሉ?"

"ጥብስ። የኂሩትን ጥብስ ቀምሰሽ አታውቂም? ውይ፣ አምልጦሻል!"

ዳናዊት እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። ሃርልስደን ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ይህ ሰው በፍርሃት ረስቶታል። ኂሩት ዓርብ ዓርብ ሽሮና ምስር እንጂ ሌላ አታወጣም። ደንበኛ ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ ጥሏት ቢሄድም በጾም ቀን ሥጋ ቤቷ አይገባም።

"ኂሩት ዓርብ ጥብስ ሠራችልዎት?"

ከመስታወቱ ወዲያ ኮሊንስ አንዱን ፖሊስ "ምን አለ? ስለ ምግብ ነው የሚያወሩት?" ብሎ ሲጠይቅ ይሰማል።

"ተሳስቼ ነው፤ ሽሮ ነው" አለ ደረጄ።

"ይሁን፣ ሽሮ ነው። የስልክ መዝገቡ እንደሚለው፣ ጋሽ ገብሬ ሊመቱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሲቀራቸው ከጋራዣቸው ስልክ መጨረሻ የደወሉት ለማን እንደሆነ ግን ያውቃሉ? ለእርስዎ ነው። አሁን በቁጥጥር ሥር ውለዋል። ይነሡ፤ አሻራ ይሰጣሉ።"

ውጤቱ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። የፊውዙ መስታወት ላይ ያለው ምልክት የደረጄ የቀኝ አውራ ጣት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጥርት ብሎ። መፍቻውን ሲይዝ ያጠለቀውን የሥራ ጓንት ፊውዙን ለማስገባት ማውለቅ ነበረበት፤ በወፍራም ጓንት እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ አይያዝም። ከመጋቢት ወዲህ ያልነካት መኪና ውስጥ፣ በሩን በማያውቀው ጋራዥ።

ዳናዊት ከረጢቱን ፊቱ አስቀመጠችለት። ደረጄ አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አቀረበው።

"ደወለልኝ" አለ በመጨረሻ። "'ልጁ በዚህ መኪና አይወጣም፤ ለፖሊስ እናገራለሁ' አለኝ። ልለምነው ነው የሄድኩት። ጀርባውን ሰጠኝ። አንድ ቁራጭ ፕላስተር ላይ 'ብየዳ' ብሎ ጽፎ እያየሁት ለጠፈው።"

"ከዚያ መቷቸው።"

ከረጢቱን መልሶ ገፋላት።

"ስንት እንደዚህ ያለ መኪና ሸጠዋል?"

"...አሥራ አንድ።"

"ስማቸውን ይጻፉ። የሁሉንም። አሁን።"

ወረቀቱን ይዛ ወጣችና ኮሊንስ እጅ ላይ አኖረችው። "አሥራ አንድ ቤተሰብ። ዛሬ ማታ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር ደውሉ።" ኮሊንስ ዝርዝሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ያዘጋጀውን የክስ ወረቀት ለሁለት ቀድዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ይቅርታ አልጠየቀም። በምትኩ "ሆስፒታሉ ደውሎ ነበር" አላት። "ሽማግሌው ነቅቷል። መነጽሬን አምጡ እያለ ነርሶቹን እያስቸገረ ነው።"

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ልዑልቃል ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ ተቀብሎ ፈረመ።

"መኪናዬስ?" አላት።

"የትኛዋ? ሁለት ናቸው።"

"ኸ?"

"እናትህ ይጠብቁሃል። ስለ ኮሌጁ አሁን ራስህ ትነግራቸዋለህ፤ በእስር ቤት በኩል ሳይሆን በዚህ በር በኩል ስለምትወጣ አመስግን።"

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ብፅዓት ሃያ አራት ሰዓት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው እዚያው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ናቸው፤ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ። ልጃቸውን ሲያዩ አልሮጡም፣ አላለቀሱም። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ደገፍ አድርገው፦

"እልልልልልል!"

የጣቢያው ጣራ አስተጋባ። ጠረጴዛው ኋላ ያለው ወጣት ፖሊስ ደንግጦ ብድግ አለ፤ እጁ ወደ አደጋ ጊዜ ደወሉ ሄደ። ዳናዊት ክንዱን ያዘችው።

"ተዋቸው" አለችው። "እልልታ ሦስት ጊዜ ነው፤ ገና ሁለት ይቀራቸዋል።"